የአሸዋ ፎርማ፤ ሕፃናት ጠጣር ቅርጽን በእጃቸው እንዲያውቁ



ከማስተማሪያ መሣሪያዎች ሁሉ አሸዋን የመሰለ ርካሽና በየስፍራው የሚገኝ ነገር የለም። ሕፃን በአሸዋ መጫወትን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል፤ እናቱ ዞር ባለች ጊዜ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ያፈሳል፣ ይከምራል፣ ይንዳል፣ እንደገና ይከምራል። ዳሩ ግን ርካሽ ነገር ቶሎ ይናቃልና፣ ሕፃኑ ዕድሜው ለትምህርት ደርሶ ወደ ክፍል በገባ ዕለት አሸዋው በደጅ ይቀራል፤ በእርሱም ፈንታ ጠመኔና ሰሌዳ ይተካል። የዚህ ንግግር ዓላማ በደጅ የቀረውን አሸዋ ወደ ትምህርቱ መልሶ ለማስገባት የሚያስችል አንድ ቀላል መሣሪያን፣ ይኸውም የአሸዋ ፎርማን ማስረዳት ነው። ፎርማ ማለት ጡብ ሠሪና ብሎኬት ሠሪ በየቀኑ የሚይዙት ቅርጽ ማውጫ ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ የተሞላበትን ነገር የራሱን መልክ አስይዞ ይለቃል።

ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ከበስተኋላው የቆመው ችግር ቀላል አይደለም። የመጽሐፍ ገጽና የሰሌዳ ፊት ርዝመትና ወርድ ብቻ አላቸው፤ ዓለም ግን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አላት። አንድ ተማሪ በሰሌዳ ላይ የተሣለውን ኩብ በደብተሩ ገልብጦ፣ «ኩብ ስድስት ገጽ፣ ዐሥራ ሁለት ጠርዝ፣ ስምንት ማዕዘን አለው» ብሎ በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ሆኖም ኩቡ በአንድ ማዕዘኑ ቢቆም ከበላዩ ስንት ጠርዝ እንደሚታይ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ቃሉን አውቋል፤ ነገሩን ግን አላወቀም። ይህ ልጅ ነገ አናጢ ወይም ግንበኛ፣ መሐንዲስ ወይም ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ ከዐይኑ የተሰወረውን የነገር ጀርባ በሐሳቡ ማየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ማየት በቃል ጥናት አይገኝም፤ በእጅ ከመዳሰስ፣ ከመሙላትና ከመገልበጥ የተነሣ ቀስ እያለ የሚመጣ ዕውቀት ነው።

ይህን ሐሳብ የትምህርት ሊቃውንት አስቀድመው አስበውበታል። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. በብላንከንቡርግ ለትንንሽ ሕፃናት የሚሆን ቤት ከፍቶ፣ በ1840 «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ለሕፃናቱ ከሰጣቸው መጫወቻዎች መካከል የእንጨት ኳስ፣ ሲሊንደርና ኩብ ዋናዎቹ ነበሩ፤ ሕፃኑ ፊደል ሳይቈጥር በፊት ቅርጽን በመዳፉ እንዲያውቅ ሽቶ ነበርና። ከዚያም ማሪ ዛክርዜቭስካ የተባለች ሐኪም በበርሊን መናፈሻዎች ለልጆች የተከመረውን አሸዋ ተመልክታ ወደ አሜሪካ ስለ ጻፈች፣ በ1885 በቦስተን ከተማ የመጀመሪያው «የአሸዋ መናፈሻ» ተከፈተ። በአሜሪካ የሕፃናት መጫወቻ ስፍራዎች ታሪክም ከዚያ የአሸዋ ክምር ይጀምራል። የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው ስታንሊ ሆልም በ1888 ስለ አንድ የአሸዋ ክምር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ልጆች ከበጋ እስከ በጋ በአሸዋ ላይ ሙሉ መንደር ሲመሠርቱና ሲያስተዳድሩ ምን ያህል እንደ ተማሩ ተርኳል።

ኢትዮጵያዊው መምህር ግን ምስክር ፍለጋ እስከ በርሊን መሄድ አያስፈልገውም። በገጠር ከብት የሚጠብቁ እረኞች ከወንዝ ዳር ጭቃ እያነሡ በሬና ላም፣ ሞፈርና ቀንበር አበጅተው በፀሐይ ሲያደርቁ መታየታቸው የቆየ ነገር ነው። የበሬውን ሻኛና የቀንዱን አዟዟር ማንም ሳያሳያቸው ልክ የሚያወጡት፣ እንስሳውን በዙሪያው ስለሚያውቁት ነው። ጥያቄው፣ እረኛ በሜዳ ያገኘውን ይህን ዕውቀት ተማሪ በክፍል ውስጥ ለምን ያጣል የሚለው ነው።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ አቁሞ ማየት እንዲቻል፣ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ የሚገኘውን የመሐመድ ሞጌን ወረዳ ማሰብ ይበጃል። ወረዳው የተሰየመው በዜማው በታወቀውና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጋዮች ጋር በተሰለፈው በዘፋኙ በመሐመድ ሞጌ ስም ነው። ሐርጌሳ በ1988 በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ አብዛኛው ቤቷ ፈርሶ ነበር፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብም ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከስደተኞቹ ብዙዎቹን የተቀበለው የሐርቲ ሼክ ሰፈር በዓለም ላይ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ የስደተኞች ሰፈር ለመባል የበቃ ሲሆን፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ2004 ተዘጋ። እንግዲህ ዛሬ በሐርጌሳ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ከሚልኩት ወላጆች ጥቂት የማይባሉት የልጅነት ዘመናቸውን በኢትዮጵያ ምድር፣ በሸራ ድንኳን ሥር አሳልፈዋል። ከተማዋን ከፍርስራሽ ያነሣት ግንበኛና ብሎኬት ሠሪ ነው። በእንዲህ ያለች ከተማ ጠጣር ቅርጽን ማወቅ የቅንጦት ትምህርት ሊባል አይችልም።

ደግሞም አሸዋ አላት። ማሮዲ ጄህ የተባለው ወንዝ ከተማዋን መካከል ለመካከል ከፍሎ የሚሄድ ሲሆን፣ የዓመቱን ብዙውን ጊዜ ደረቅ የአሸዋ ጐዳና ሆኖ ይቈያል። የአገሩ ሽማግሎች ዛፍ ጥላ ሥር በአሸዋ ላይ መሥመር ጭረው «ሻሕ» የተባለውን ጨዋታ በጠጠር ይጫወታሉ፤ የኢትዮጵያም ልጆች ገበጣን በአፈር ላይ ጐድጓድ ቆፍረው እንደሚጫወቱ ሁሉ ማለት ነው። ከሐርጌሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በላስ ጌል ዋሻ ደግሞ ከሺሕ ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች ላሞቻቸውን በቀይና በነጭ ቀለም በድንጋይ ላይ ሥለዋል። በመሐመድ ሞጌ የሚያስተምር መምህር እንግዲህ አሸዋውም፣ ምሳሌውም፣ የእንስሳው ፍቅርም በእጁ ናቸው። የሚጐድለው የአሠራሩ ብልኀት ብቻ ነው።

የአሠራሩ ብልኀት የሚጀምረው አሸዋን ከማወቅ ነው። ደረቅ አሸዋ ሲከመር ጐኑ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ካጋደለ በኋላ ከዚያ በላይ መቆም አይችልም፤ ይናዳል። በውሃ የተጥለቀለቀ አሸዋም እንደ ሙቅ ይፈሳል። በሁለቱ መካከል ያለው እርጥብ አሸዋ ግን ይቆማል፤ ምክንያቱም በቅንጣትና በቅንጣት መካከል የገባችው ትንሽ ውሃ እንደ ድልድይ ሆና ሁለቱን ስለምትስብ ነው። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ቦንና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት አሸዋ እጅግ የሚጠነክረው የውሃው መጠን ከ100 እጅ 1 እጅ ያህል ሲሆን መሆኑን አሳይተዋል። ከእነርሱ አስቀድሞ በ2008 የወጣ ሌላ ምርመራ ደግሞ ውሃው ከ1 እጅ ጀምሮ እስከ 10 እጅና ከዚያም አልፎ ቢጨመር ጥንካሬው ብዙም እንደማይለወጥ አስረድቷል። ይህ ለመምህሩ ታላቅ ምሥራች ነው። ሕፃናት ውሃን በሚዛን ለክተው አይጨምሩምና፤ ጥቂት ቢበዛም ጥቂት ቢያንስም ሥራው አይበላሽም።

ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ እየተጫነ በሚሸጥባት ከተማ ደግሞ ሒሳቡ ሊታወቅ ይገባል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ገበታ ላይ አሸዋ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያህል ቢፈስ 12 ሊትር ይሆናል፤ ክብደቱም 19 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የዚህ አሸዋ አንድ መቶኛ እጅ 120 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ነው። 40 ተማሪዎች አምስት አምስት እየሆኑ በ8 ገበታ ቢቀመጡ፣ ለክፍሉ ሁሉ 8 ብርጭቆ ውሃ ይበቃል፤ ፀሐይ ለሚወስደው እጥፉን ቢያዘጋጁም ከ2 ሊትር አያልፍም። ትምህርቱ ሲያልቅ ገበታው በእርጥብ ጆንያ ቢሸፈን ለማግሥቱ ይቈያል። መጠኑን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም፤ እፍኝ አሸዋ ጨብጦ መዳፍን መክፈት ነው። የጣቶቹን መልክ ይዞ ከቀረና ውሃ ካላንጠባጠበ ደርሷል።

ከዚህ ቀጥሎ የፎርማው አበጃጀት ይመጣል። የመጀመሪያው ሕግ ከቡና ረከቦት ላይ ይነበባል። ሲኒን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ ቢገለብጡት ቅርጹ ደኅና ሆኖ ይወጣል፤ ብርሌን ሞልቶ ቢገለብጡት ግን ምንም አይወጣም። የሲኒ አፍ ከታችኛው ክፍሉ ስለሚሰፋ አሸዋው ጥቂት እንዳለቀቀ ከግድግዳው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይላቀቃል፤ የብርሌ አንገት ግን ከሆዱ ስለሚጠብ የገባውን አስሮ ይይዛል። እንግዲህ ፎርማ ሁሉ ከታች እስከ አፉ እየሰፋ መሄድ አለበት፤ በየትም ቦታ ተመልሶ ሊጠብ አይገባውም። ብረት ቀልጦ በሚፈስበት ፋብሪካ በአሸዋ ውስጥ የሚቀበረውን ምሳሌ የሚያበጁ ባለሙያዎች ጐኑን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ያጋድሉታል፤ ካላጋደሉት ምሳሌው ሲወጣ አሸዋውን ይዞት ይነሣልና። የሕፃን እጅ እንደ ባለሙያ እጅ የማይጸና ስለሆነ፣ ለእርሱ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። ለምሳሌ ቁመቱ 10፣ የታችኛው ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎርማ ጐኑ በ5 ዲግሪ ቢያጋድል፣ የአፉ ወርድ 9.75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

ሁለተኛው ሕግ የአየር መግቢያ ነው። በደንብ የተጠቀጠቀ አሸዋ ፎርማውን ሞልቶ ሲገለበጥ፣ ከላይ አየር የሚገባበት ስለማይኖር ፎርማው ሲነሣ አሸዋውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ቅርጹም ከወገቡ ይሰበራል። ከፎርማው መቀመጫ ላይ በሚስማር አንዲት ቀዳዳ ቢበሱለት አየሩ ገብቶ አሸዋው በሰላም ይወርዳል። ልጆቹ ይህን በቃል ከመስማት ይልቅ አንዱን የተበሳ፣ ሁለተኛውን ያልተበሳ ጣሳ ተሰጥቷቸው ልዩነቱን ቢያዩ ስለ አየር ግፊት የሚማሩት ትምህርት ከአእምሮአቸው አይጠፋም።

ሦስተኛው ሕግ የመጠንና የጠርዝ ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ፎርማ በተጠቀጠቀ እርጥብ አሸዋ ሲሞላ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ለስድስት ዓመት ሕፃን አንጓ ይህ ብዙ ነው። ሩብ ሊትር ይበቃዋል። የፎርማው ውስጠኛ ማዕዘን ሹል ከሆነ አሸዋው በዚያ ስለማይደርስ ቅርጹ ጆሮው እንደ ተቈረጠ ሆኖ ይወጣል፤ ስለሆነም ማዕዘኑ ሁሉ በጣት ጫፍ የሚዳሰስ ያህል ክብ ይሁን። ከቅርጹ ወጣ የሚል አካል ቢኖር ውፍረቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም ከውፍረቱ ባይበልጥ መልካም ነው። ከፍ ብሎ የቆመ ዓምድ የሚፈለግ እንደ ሆነም መሠረቱ መስፋት አለበት፤ ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ2012 ጥናት እንደሚያሳየው የዓምዱ ራዲየስ በእጥፍ ቢያድግ ሊቆም የሚችልበት ቁመት በ1.6 እጥፍ ያህል ብቻ ያድጋልና። አሞላሉም በአንድ ጊዜ አይደለም። ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እየጨመሩ በአጭር ዱላ እየጠቀጠቁ መሙላት ይገባል። ብሎኬት ሠሪ ከፎርማው ወዲያው ያወጣው ብሎኬት ሳይደርቅ የሚቆመው ድብልቁ ጥቂት ብቻ ስለረጠበና በኀይል ስለተጠቀጠቀ ነው።

እነዚህን ሕጎች የሚፈትን መልካም ምሳሌ ግመል ናት። የሐርጌሳ ልጅ ቅርጽ አውጣ ቢባል አስቀድሞ የሚያስበው ግመልን ሳይሆን አይቀርም። የቆመች ግመል ግን በአሸዋ አትወጣም፤ እግሮቿ ቀጫጭን ናቸው፣ በሆዷ ሥር ባዶ ቦታ አለ፣ አንገቷም ተቈልምሞ አሸዋውን ያስራል። መምህሩ በዚህ ጊዜ መልሱን ለመንገር አይቸኩል። ልጆቹ ፎርማውን አበጅተው፣ ሞልተው፣ ገልብጠው፣ ሲፈርስ ይመልከቱ፤ ከዚያም «ግመል በምን ጊዜ ነው እግሯ የማይታየው?» ተብለው ይጠየቁ። በተንበረከከች ጊዜ መሆኑን የግመል አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። የተንበረከከች ግመል መሠረቷ ሰፊ፣ ሻኛዋ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ቅርጿ ከፎርማ ለመውጣት የተመቸ ነው። በአንገቷና በደረቷ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በፎርማው ላይ ይሞላና፣ ቅርጹ ከወጣ በኋላ በማንኪያ ጫፍ ይፈለፈላል። ልጁ በዚህ የሚማረው ሐሳብን ከመሣሪያውና ከዕቃው ጠባይ ጋር ማስማማትን ነው፤ ይህም የእደ ጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

አንዳንድ ቅርጽ ግን በማስማማት ብቻ አይገኝም። መሶብ ከታች ሰፍቶ፣ ወገቡ ጠብቦ፣ ከላይ ደግሞ ይሰፋል፤ የሶማሌ እናቶች ወተት የሚያኖሩበት «ሐን» የተባለው ስፌት ዕቃም አፉ ከሆዱ ይጠብባል። ለእንዲህ ያለው ቅርጽ ፎርማው ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሎ በገመድ ይታሰራል፤ አሸዋው ተሞልቶ ከተጠቀጠቀ በኋላ ገመዱ ይፈታና ሁለቱ ክፋዮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳባሉ። መክፈያው መሥመር በየት በኩል ይለፍ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የጠለቀው ጥያቄ ነው። ልጁ ቅርጹን በሐሳቡ እያዞረ ከጐን ሲታይ ዳርቻው የሚያርፍበትን ቦታ መፈለግ ይኖርበታል። በሰሌዳው ኩብ ፊት ዝም ያለው ተማሪ እዚህ ላይ አፉ ይፈታል።

ስለ መሥሪያው ዕቃ ብዙ መጨነቅ አያሻም። ለጀማሪዎች ሲኒ፣ የሻይ ብርጭቆና የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃሉ፤ ብርጭቆው ግን ስለሚሰበር ለትንንሾቹ አይሰጥም። የጣሳውም አፍ እጅ እንዳይቈርጥ ወደ ውጭ ታጥፎ ተቀጥቅጦ ይለስልስ። የእንጨት ፎርማ ከአራት ጣውላ በማጠፊያ ተያይዞ ሊሠራ ይችላል፤ ጎኖቹ ስለሚከፈቱ ጐናቸውን ማጋደልም አያስፈልግም። የልጁን የገዛ ራሱን ቅርጽ ለማውጣት ግን ጀሶ ይሻላል። ልጁ አስቀድሞ ምሳሌውን በጭቃ ይሠራል፤ ጭቃው በሳሙና ውሃ ይቀባል፤ መምህሩ ሁለት እጅ ጀሶ በአንድ እጅ ውሃ በጥብጦ ያፈስበታል፤ ከጠነከረ በኋላ ጭቃው ወጥቶ ባዶው ስፍራ ፎርማ ይሆናል። ጀሶ ውሃ ስለሚመጥ ውስጡ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀባ። ጀሶውን የሚበጠብጠውና የሚያፈሰው ግን መምህሩ እንጂ ልጁ አይሁን፤ ጀሶ ሲጠነክር ይግላልና፣ እጅን በውስጡ ነክሮ ማቈየት ክፉ ቃጠሎ ያደርሳል።

ፎርማ ከተገኘ ዘንድ ብዙ ትምህርት ይከተለዋል። በፎርማው ውስጥ ጐድጓድ የሆነው በአሸዋው ላይ ጉብታ ይሆናል፤ በቀኝ ያለው ወደ ግራ ይዞራል። ልጁ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በፎርማው ወለል ላይ ቢቀርጽ በአሸዋው ላይ ተገልብጦ ይወጣል፤ ማኅተም ቀራጭ ፊደሉን ለምን አዙሮ እንደሚቀርጽ በዚያን ጊዜ ይገባዋል። ደግሞም መሠረታቸውና ቁመታቸው እኩል የሆኑ አንድ ሾጣጣና አንድ ሲሊንደር ፎርማ ቢዘጋጁ፣ ሾጣጣው ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ሲገለበጥ ሲሊንደሩ ልክ አፉ ድረስ ይሞላል። ተማሪው «የሾጣጣ ይዘት የሲሊንደሩ አንድ ሦስተኛ ነው» የሚለውን ሕግ ከመጽሐፍ ሳያነብ በፊት በእጁ አግኝቶታል።

በዚህ ላይ ግን ከፍ ያለ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊሰማም የሚገባው ነው። ፎርማ የሕፃኑን ሐሳብ ያስራል፤ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ዓሣ፣ አንድ ዓይነት ኮከብ እያወጣ በራሱ መፍጠርን ይተዋል የሚሉ አሉ። ከገበያ የተገዛውን የፕላስቲክ ፎርማ የተመለከትን እንደ ሆነ ተቃውሞው እውነት ነው። ያን ዓሣ ያሰበው ፋብሪካው ነው፤ ልጁ የሠራው መሙላትና መገልበጥ ብቻ ነው። መፍትሔው ግን ፎርማን ከትምህርት ቤት ማስወጣት ሳይሆን፣ ፎርማውን የሚያስበው ልጁ ራሱ እንዲሆን ማድረግ ነው። በዚሁ መሠረት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ሕፃናት በባዶ እጃቸውና በቤት ዕቃ ይጫወቱ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉት የትኛው ዕቃ ይለቃል፣ የትኛው ያስራል የሚለውን ይመርምሩ፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ የራሳቸውን ፎርማ በወረቀት ነድፈው፣ በጭቃ ሞክረው ያብጁ። መምህሩም ነጥብ የሚሰጠው ለቅርጹ ውበት አይሁን፤ ልጁ ቅርጹ ለምን እንደ ፈረሰና ፎርማውን እንዴት እንደሚያርም ለሚሰጠው ማስረጃ ይሁን። በዚህ ሚዛን ሦስት ጊዜ ፈርሶበት በአራተኛው ያቆመ ልጅ፣ በተገዛ ፎርማ በአንድ ጊዜ ካወጣው ይበልጣል።

የወላጆችንም ልብ መጠበቅ ያሻል። ሕያው ፍጥረትን በምስል ማውጣት በሃይማኖት የማይወደድባቸው ቤተ ሰቦች በሐርጌሳም በሌላም ስፍራ አሉ። መምህሩ በዚህ ነገር ከወላጆች ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ ግመሏ ብትቀር ትምህርቱ አይቀርም። «አቃል» የተባለው የአርብቶ አደሩ ጉልላታማ ቤት፣ ጉድጓድ፣ ድልድይ፣ የውሃ ጋን፣ የእርከን እርሻ ሁሉ የፎርማን ሕግ ለማስተማር ይበቃሉ። እንዲያውም አቃል፣ ከመሠረቱ ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠብብ ስለሆነ፣ ከፎርማ በቀላሉ ይወጣል።

በመጨረሻም ስለ ሕፃናቱ ደኅንነት ኀላፊዎች በሙሉ ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። አሸዋ ለማምጣት ሕፃናት በፍጹም መላክ የለባቸውም። የማሮዲ ጄህ ዓይነት ደረቅ ወንዝ በላይኛው አገር ዝናም በጣለ ጊዜ በቅጽበት ሞልቶ ይወርዳል። ጦርነት ባለፈበት አገርም ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ በምድር ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ በሶማሌላንድ ፈንጂ የሚያነሣው ሃሎ ትረስት የተባለ ድርጅት ሥራውን በ1999 የጀመረው ስለዚሁ ነው። አሸዋው ከታወቀ ስፍራ በዐዋቂ እጅ ይምጣ፤ በወንፊት ይነፋ፤ ውሻና ፍየል እንዳያረክሱት ማታ ማታ ይሸፈን፤ ደርቆም አቧራው እንዳይነሣ ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይርከፍከፍበት። ሲሚንቶ ከቶ አይቀላቀልበት፤ የሕፃንን ቆዳ ይበላል። ልጆቹም ከሥራው በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲደመር ለአንድ ክፍል የሚጠይቀው ስምንት ገበታ፣ ወደ 150 ኪሎ ግራም የሚሆን አሸዋ፣ ጥቂት ጣሳና ጣውላ፣ 2 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ያህል ወጪ የማይችል ትምህርት ቤት አይኖርም። ከዚህ የሚከብደው ክፍያ የመምህሩ ትዕግሥት ነው፤ ልጁ ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት፣ ክፍሉ ሲቈሽሽ አለመቈጣት፣ መልሱን እያወቁ ጥያቄ ብቻ ማቅረብ ይጠይቃልና። አሸዋው ማታ ፈርሶ ወደ ገበታው ይመለሳል፤ ከዕለቱ ሥራ በዐይን የሚታይ ነገር አይተርፍም። ኢንስፔክተር ቢመጣም በግድግዳ ላይ የሚያነበው የለም። ነገር ግን የነገርን ጀርባ በሐሳቡ ማየት የተማረ ልጅ ከዚያ ክፍል ይወጣል፤ ቤት በሚሠራበትና ድልድይ በሚዘረጋበት አገር ሁሉ ይህ ልጅ ይፈለጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር ወደ ክፍሉ በተመለሰ ጊዜ አንድ ጣሳ ቢበሳና አንድ ገበታ አሸዋ ቢያስገባ፣ ለተማሪዎቹ የሚያደርገው ውለታ ከብዙ ሰሌዳ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል።